መብረቅን ለማን ልስጠው?

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

አምድዎን ሁሌም አነባለሁ። ሰው ስለ ትዳርና ስለ ጎረቤት ነው የሚጠይቅዎ፤ የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ውሻ ነው። እንደማይንቁብኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው፤ ተከራይቼ። ከሥራ መልስና ቅዳሜ ቅዳሜ ከመንገድ የተነሱ ውሾች የሚያርፉበት አንድ ትንሽ መጠለያ ውስጥ አግዛለሁ። እዚያ መብረቅ የሚባል ውሻ አለን። ዓመት ተኩል ቢሆነው ነው። ቡናማ ነው፤ ደረቱ ላይ ነጭ አለው። አንዱ ጆሮው ይቆማል፣ አንዱ ይወድቃል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። የመቀርቀሪያው ድምፅ ሲሰማ ግቢውን ሦስት ጊዜ ይዞራል። ከዚያ ኮንጎ ጫማ ወይም ባዶ ሃይላንድ በአፉ ይዞ መጥቶ እግሬ ላይ ይጥላል። ሃምሳ ጊዜ ብወረውርለት ሃምሳ ጊዜ ያመጣዋል።

ችግሩ፣ ሁለት ጊዜ ተሰጥቶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። መጀመሪያ የወሰዱት አዘዞ አካባቢ ያሉ ቤተሰብ ናቸው። ግቢያቸው ሰፊ ስለነበር ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ለካ ቀን ቀን በሰንሰለት ያስሩታል። በሦስተኛው ሳምንት ሰንሰለቱን በጥሶ የጎረቤት ሁለት ዶሮ ገደለ። አንገቱ ተልጦ ነው የመጣልን። ሁለተኛዋ ልደታ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ነበሩ። በጣም ወደውት ነበር። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በደስታ ዘሎባቸው ወደቁ፤ እጃቸው ወለም አለ። እያለቀሱ መለሱት።

አሁን ሦስት ሰዎች ይፈልጉታል። አንደኛው የእህል መጋዘን ያላቸው ነጋዴ ናቸው። ለጥበቃ ነው፤ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ለመጠለያውም ደህና ገንዘብ እንደሚረዱ ነግረውናል። ሁለተኛዎቹ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው። ሁለቱም ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት፤ ግን ሲያዩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሦስተኛው ከአዘዞ አለፍ ብሎ ጠዳ የሚኖሩ ጡረተኛ አባት ናቸው። አትክልት ያለማሉ፤ ጥቂት በግና ዶሮ አላቸው፤ የአሥራ ሦስት ዓመት የልጅ ልጅ አብሯቸው ይኖራል። እሳቸው ብዙም አላወሩ። “ምን ይወዳል?” ብቻ ብለው ጠየቁኝ።

ኃላፊያችን ቦታ ስለጠበበን ከጥምቀት በፊት ይሂድ ይላል። እናቴ “ውሻ ነው እኮ፣ ቀድሞ ለመጣው ስጪው” ትላለች። እኔ እንዳልወስደው አከራዬ አይፈቅዱም። ስለ ዶሮዎቹ ብናገር ደግሞ ማንም የማይወስደው ስለመሰለኝ እስካሁን ዝም ብያለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሦስተኛ ጊዜ እንዳይመለስ ለማን ልስጠው?

ግራ የገባኝ፣ ከማራኪ

*

ውድ እህቴ፣

ምን ብዬ እንቅሻለሁ? ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እናትሽንም አትቀየሚያቸው። አብዛኞቻችን ውሻ ከበር ውጭ እየኖረ ነው ያደግነው፤ ምን እንደሚፈልግ የነገረን ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ ስለ መብረቅ ዕድሜ ልንገርሽ። ውሻ ከስድስት ወሩ አካባቢ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመቱ ገደማ ጎረምሳ ነው። ጉልበቱ ሞልቷል፤ ራሱን መግዛት ግን ገና አልተማረም። መብረቅ ቀዥቃዣ የሆነው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ዕድሜው ነው። ላይ ታች የሚያደርገው ሥራ ያጣ ጎረምሳ ደግሞ ለራሱ ሥራ ይፈልጋል። አዘዞ ላይ ያገኘው ሥራ ዶሮ ሆነ።

የአዘዞው ነገር ሁላችሁንም ያሳሳታችሁ ግቢው ሰፊ በመሆኑ ነው። ግቢ ውሻን አያደክመውም። የሚያደክመው ሰው ነው። ሰፊ ግቢ ውስጥ ብቻውን የተተወ ውሻ በሩ ሥር ተኝቶ ሰው የሚመጣበትን ሰዓት ይጠብቃል። ስለዚህ ሦስቱን ሰዎች ስትመዝኚ ስፋቱን ተዪውና አንድ ነገር ጠይቂ፦ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት መብረቅ ከማን ጋር ነው የሚውለው?

ነጋዴው ዘንድ ከሰንሰለት ጋር ነው። ይኼን ደግሞ ሞክሮታል፤ አንገቱም መስክሯል። የታሰረ ውሻ የፈራውን ነገር መሸሽ አይችልም፤ የወደደውንም መቅረብ አይችልም። የቀረው መወራጨትና መጮኽ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመውን ማታ ሲፈታ የሚያወጣው ምን ላይ እንደሆነ ማን ያውቃል? ደግሞም ጥበቃ አይሆናቸውም። “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይባላል፤ መብረቅ ግን ሌባ ቢገባ ኮንጎ ጫማውን ይዞ የሚቀበል ዓይነት ነው። ሰውዬው የሚፈልጉት ረጋ ያለ፣ ከበሩ የማይርቅ፣ እንግዳ ሲያይ የሚጮኽ ትልቅ ውሻ ነው። እንዲህ ያለ ካላችሁ፣ ያለ ሰንሰለት ከሆነ፣ ስጧቸው። ገንዘቡን ግን ከውሻው ለይታችሁ እዩት። መርዳት ከፈለጉ ይርዱ። መብረቅ የገንዘቡ ደረሰኝ መሆን የለበትም።

ለተጋቢዎቹ አንጀቴ ተላውሷል። ውሻ አይቶ እንባ የሚያቀርር ሰው በቀላሉ አይገኝም። ግን አሥር ሰዓት ሙሉ በተዘጋ በር ውስጥ! በሩን ይቧጭራል፣ ያላዝናል፣ ጫማ ይጨርሳል። ደረጃው የጋራ ነው፤ ሕፃን ይወጣበታል፣ ሽማግሌ ይወርድበታል። በሁለተኛው ሳምንት ጎረቤት ያንኳኳል። በአንድ ወር ውስጥ ሁለቱ ባልና ሚስት በእሱ ምክንያት ይጣላሉ። ፎቅ ላይ ውሻ አይኖርም እያልኩሽ አይደለም። ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ቀኑን በእንቅልፍ የሚያሳልፍ፣ ጠዋትና ማታ ወጣ ብሎ መመለስ የሚበቃው ውሻ እዚያ በደንብ ይኖራል። መጠለያ ውስጥ ማንም ዞር ብሎ የማያየው አንድ ሽማግሌ ውሻ አይጠፋም። እሱን አሳዪያቸው።

ወደ ጠዳው አባት ልምጣ። ከሦስቱ ስለ ውሻው የጠየቁሽ እሳቸው ብቻ ናቸው። ሌሎቹ ስለ ራሳቸው ነው የነገሩሽ። ቀኑን ሙሉ ቤት አካባቢ ናቸው፤ ከመደብ መደብ ሲሄዱ የሚከተላቸው ይፈልጋሉ፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚወረውርለት ልጅ አለ። እኔ ብሆን ለእሳቸው ነው የምሰጠው።

ግን እኮ ዶሮ አላቸው። አንቺ ደግሞ ዝም ብለሻል።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት አንዲት ውሻ ለዘመድ ሰጠሁ። ነጎድጓድ ስትሰማ አጥር ዘላ እንደምትጠፋ አውቅ ነበር። ብናገር አይወስዱልኝም ብዬ ደበቅሁ። በመጀመሪያው የሐምሌ ዝናብ ጠፋች። ሦስት ቀን ፈለግናት፤ አላገኘናትም። ብናገር ኖሮ ክረምት ክረምት ቤት ያስገቧት ነበር። ይኸው ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ነገ ደውይላቸው። ሳታሳንሺ፣ ሳታካብጂ እንዲህ በያቸው፦ “ታስሮ ሲውል ቆይቶ ሁለት ዶሮ ገድሏል። አንዲት እናት ላይ ዘሎ ጥሏቸዋል። ሰው ነክሶ አያውቅም።” የመጨረሻውን እውነት ከሆነ ብቻ። እሺ ካሉሽም በኋላ ብቻውን አትስደጂው፤ አምስት ስድስት ሜትር ገመድ አስረሽ ይዘሽው ሂጂ። ዶሮዎቹን ከሩቅ ያያቸው። ስሙን ስትጠሪው ዞር ካለ አንዲት ቁራጭ የተቀቀለ ሥጋ ስጪው፤ ትንሽ ቅረቡ፤ ደግመሽ ጥሪው። ሰውነቱ ድርቅ ብሎ፣ ዓይኑ ተተክሎ ስሙን መስማት ካቆመ ግን ይቅርባችሁ፤ ያ ቤት የእሱ አይደለም። ደህና ቢሆን እንኳ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ዶሮዎቹ በሽቦ ይከለሉ፤ በጎቹም ዘንድ በገመድ እንጂ ልቅ አይግባ።

መዝለሉን ከዛሬ ጀምረሽ ማስተው ትችያለሽ። ሲዘል ጀርባሽን ስጪው። አትጩኺ፣ አትግፊው፤ መግፋት ለእሱ ጨዋታ ነው። አራቱም እግሩ መሬት ሲነካ ያን ጊዜ ዳብሺው። መጠለያው ውስጥ ያላችሁ ሁሉ እንደዚያ ካላደረጋችሁ ግን አይሠራም። ሃይላንዱንም ሥራ ስጪው፦ ጎኑን በስታ ድርቆሽ እንጀራ ቆራርጠሽ ክተቺበት። እያንከባለለ፣ እያሸተተ ሲያወጣ ይቆያል። ማሽተት እንደ ሩጫ ያደክመዋል። ፕላስቲኩን መቆርጠም ሲጀምር ብቻ ውሰጂበት።

ለሽማግሌው ሦስት ነገር አደራ በያቸው። የመጀመሪያው ጅብ ነው፤ የጎንደር ሰው ስለሆኑ ያውቁታል። ማታ ማታ የሚዘጋ ቤት ይግባ። ሁለተኛው ክትባት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ክትባቱ በየዓመቱ ይታደስ፣ ወረቀቱም አብሮት ይሂድ። ልጁን ይኼም ሆነ ሌላ ውሻ ቢነክሰው ወይም ቢቧጭረው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበሉ ይቅር አልልም፤ ክትባቱ ግን አይቅር። ሦስተኛው የበግ ዕርድ ነው። ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሲያዩ ለውሻ እንዳይጥሉት፤ ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። ውሻው ያን ሲበላ ሆዱ ውስጥ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ወደ ሳሩ፣ ከሳሩ ወደ በጉ ይመለሳል፤ ወደ ሰውም ይገባል። የሆድ ትል መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም ይነግራቸዋል። አንቺም ያለሽው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ዩኒቨርሲቲ ከተማ ውስጥ ነው፤ ጠይቂ። ስለ ማኮላሸትም አብረሽ ጠይቂ፤ ያልተኮላሸ ወንድ ሴት ፍለጋ ይጠፋል።

ለኃላፊያችሁ ደግሞ ይኼን ንገሪልኝ። ቦታ መጥበቡ ይገባኛል። ግን የጥምቀት ሳምንት ውሻ የሚዛወርበት ጊዜ አይደለም። ከከተራ ጀምሮ ከበሮና ሆታ ነው፤ ጠዳም ቢሆን ታቦት ይወጣል። አዲስ ቤት የገባ ውሻ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ላይበላ፣ ጥግ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ቤቱን ለመልመድ ሳምንታት፣ የእኔ ነው ለማለት ወራት ይፈጅበታል። ወይ ከጥር 11 ሦስት ሳምንት ቀድሞ ይሂድ፣ ወይ በዓሉ ካለፈ በኋላ። ከሽማግሌው ጋርም ለአንድ ወር ሙከራ ተስማሙ። ካልሆነ ያለ ኀፍረት ለአንቺ እንዲመልሱት ንገሪያቸው። ሰው መመለስ ሲያፍር ነው ውሻን መንገድ ላይ የሚጥለው።

የዶሮውን ነገር ሰምተው “ይቅርብኝ” ካሉሽ አትዘኚባቸው። መብረቅ እናንተ ጋር ሁለት ወር ተጨማሪ ይቆይ። ለነጋዴው ግን እንዳትሰጪው።

ጠዳ ስትሄጂ ኮንጎ ጫማውን አትርሺ። ሳታጥቢው ውሰጂው፤ የመጀመሪያው ሌሊት አጠገቡ ይደር። ሽማግሌው ምን እንዳሉሽም ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።