የጭንቀት ሆርሞን፣ ጂን እና የልብ ድካም

«አባቴ የልብ ድካም አለበት። ሰውነት ለጭንቀት የሚሰጠው ምላሽ በዘር ይወረሳል? እኔስ ያሰጋኛል?» ብለህ ለጠየቅከው። በቅድሚያ አባትህን እግዜር ይማርልህ።

ስንጨነቅ አድሬናሊን እና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ ሆርሞኖች ይለቀቃሉ። የልብ ሴል ላይ ቤታ-1 የሚባል ተቀባይ አለ። ሆርሞኑ እዚያ ሲያርፍ ልብ በፍጥነትና በኃይል ይመታል። ለደቂቃዎች ከሆነ ምንም አይደል። ለዓመታት ሲቀጥል ግን የልብ ጡንቻ ይጎዳል፣ ሴሎቹም ይሞታሉ።

ጂን የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የቤታ-1 389ኛው አሚኖ አሲድ (ተቀባዩ ከተገነባባቸው ቁራጮች አንዱ) አንዳንዱ ሰው ላይ አርጂኒን፣ ሌላው ላይ ግላይሲን ነው። ባለ አርጂኒኑ ለሆርሞኑ ጠንከር ያለ ምላሽ ይሰጣል። አልፋ-2ሲ የሚባለው ተቀባይ ደግሞ እንደ ፍሬን ነው፤ ኖርአድሬናሊን ከነርቭ ጫፍ በብዛት እንዳይወጣ ይይዛል። 4 አሚኖ አሲዶች የጎደሉት ዓይነት ላይ ፍሬኑ ይላላል። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ባለ አርጂኒኑንም ፍሬኑ የላላውንም ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሱ ጥቁር አሜሪካውያን ለልብ ድካም በጣም የተጋለጡ ሆነው አግኝቷቸዋል። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ሁሉም አልተስማሙበትም። ስለዚህ እባክህ በዚህ ብቻ እንቅልፍ አትጣ።

ቤታ ብሎከር የሚባሉት መድኃኒቶች የሚሠሩት ይህንኑ የቤታ-1 ተቀባይ በመዝጋት ነው። አባትህ ታዘውለት ከሆነ ያለ ሐኪም በድንገት እንዳያቆም አደራ።

አንተ ደግሞ የአባትህን የበሽታ መንስኤ ጠይቅ። በዘር የሚተላለፍ የልብ ጡንቻ በሽታ ከሆነ፣ ባያምህም የልብ አልትራሳውንድ ተነሳ። የደም ግፊትህንም ተለካ።