የሽንኩርት ሥር ለምትቆርጡ

ልጆቼ፣

አንዲት የባዮሎጂ ተማሪ በቀደም እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ሥር የሚያድገው በጫፉ ነው ተብለን ተማርን፤ የሽንኩርት ሥር ጫፍ ቆርጬ በማይክሮስኮፕ ባየው ግን የሚከፋፈል ሕዋስ አጣሁ። መጽሐፉ ዋሽቷል?» መጽሐፉ አልዋሸም። እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው፤ የእኛ ዘመን ተማሪ ሥርን የሚያውቀው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተስሎ ነበርና እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ እንኳ አልታደለም።

የሥሩ መጨረሻ ቆቡ ነው። የቆቡ ውጫዊ ሕዋሳት አፈር እየፋቃቸው ይረግፋሉ እንጂ አይከፋፈሉም። ክፍፍሉ ከቆቡ ጀርባ፣ 1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር በምትሆን ቦታ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያሉት ሕዋሳት መከፋፈሉን ትተው መርዘም ይዘዋል። ሥሩን አፈር ውስጥ የሚገፋው የእነሱ መርዘም ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ቆርጦ ሁሉንም የጨፈለቀ ሰው በአብዛኛው የሚያየው እነዚህን ረጃጅሞቹን ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። የቀይ ሽንኩርቱን የደረቀ አሮጌ ሥር ላጩና ታችኛው ክፍል ብቻ ውሃ እንዲነካ ብርጭቆ ላይ አስቀምጡት፤ ውሃውን በየቀኑ ለውጡ። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ሥሩ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርስ ቁረጡት፤ ካረጀ ክፍፍሉ ይቀዘቅዛል። 3 እጅ አልኮልና 1 እጅ ያልተበረዘ አሴቲክ አሲድ ቀላቅላችሁ 24 ሰዓት ንከሩት። ድብልቁን በዕለቱ አዘጋጁ፤ ካደረ አልኮሉና አሲዱ እርስ በርስ ተዋህደው ኃይሉ ይደክማል። ቀጥሎ 60 ዲግሪ በሞቀ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ አቆዩት። አሲዱ ሕዋስን ከሕዋስ ያጣበቀውን ፔክቲን ይፈታዋል። ስለ ጓንት አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

በውሃ ካጠባችሁ በኋላ በአሴቶካርሚን አቅልሙት፤ ጠቆር ብላ የምትቀለመዋን ጫፍ ብቻ አስቀርታችሁ ሌላውን ጣሉ። ስላይድ ላይ አድርጋችሁ ከቨር ስሊፕ የሚባለውን ስስ መስታወት አልብሱና፣ ወረቀት ደርባችሁ በአውራ ጣት ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ታች ተጫኑ። ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሕዋሳቱ ይጠቀለላሉ። ከተደራረቡ አሲዱ አንሷቸዋል፤ ከተበጣጠሱና ቀለም አልይዝ ካሉ በዝቶባቸዋል። ትክክለኛው ቦታ ላይ ስትደርሱ ትናንሽ፣ ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጉ፣ ኒውክለሳቸው የሞላቸው ሕዋሳት ታያላችሁ። አብዛኞቹ በክፍፍል ላይ አይደሉም፤ ተስፋ አትቁረጡ፣ ስላይዱን አንቀሳቅሱ። ክሮሞዞሞቹ፣ ማለትም ዘረመል የተሸከሙት ክሮች፣ መሃል ላይ የተሰለፉበት ሕዋስ ከተገኘ 16 ይቆጠራሉ።

የዛሬ ልጆች ቪዲዮ አይታችሁ «አየሁት» ትላላችሁ፤ አልወድላችሁም። ደግሞ ስልካችሁን ማይክሮስኮፑ ላይ ደግናችሁ የምታነሱት ፎቶ እኛ በእርሳስ ከምንስለው ይሻላል።

ሕዋሱ የቱን ዓይነት እንደሚሆን የሚወስነው ምንድን ነው? አራቢዶፕሲስ የተባለችው ትንሽ ተክል ሥሯ ቀጭንና ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ መልሱ የተገኘው በእሷ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ጥናት የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች አንዳንድ ሕዋሳትን በሌዘር ገደሉ፤ ባዶውን ቦታ የሞላው ጎረቤት ሕዋስ የመጣበትን መደብ ትቶ የገባበትን ቦታ ሥራ ያዘ። ሕዋሱ ከየትኛው ሕዋስ እንደተወለደ ሳይሆን ያለበት ቦታ ወሰነ ማለት ነው። ይህንን ሳይረዱ የሥር ክፍሎችን ስም መሸምደድ ከንቱ ድካም ነው።

የጎን ሥር ማየት የሚፈልግ ሽንኩርቱን ይተወው፤ እምብዛም አያወጣም። ባቄላ አብቅሎ ዋናው ሥር የጎን ሥር ማውጣት ሲጀምር በምላጭ አግድም በስሱ ይቁረጥ። አዲሱ ሥር ከላይኛው ቆዳ ሳይሆን ከውስጥ፣ ፔሪሳይክል ከሚባለው ሽፋን ተነስቶ ውጪውን እየሰነጠቀ ሲወጣ ይታያል። ባቄላ ክሮሞዞሞቹ 12 ብቻና ትልልቅ ስለሆኑ ለቆጠራም ከሽንኩርት ይቀላል።