የምወደውን ደራሲ ሳነብ የምጸልይ ይመስለኛል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለሚወዱት ደራሲ ናቸው፣ ስለዚህ ዛሬ አንድ ላይ ልመልሳቸው።

ጥያቄ፦ የምወዳት ደራሲ አለች፣ ልቦለድ ነው የምትጽፈው። የሷን መጽሐፍ ሳነብ ውስጤ ጸጥ ይላል፣ አንዳንዴ እንባዬ ሁሉ ይመጣል፣ ጸሎት ላይ ስቆም ግን እንደዛ አይሰማኝም። ኃጢአት ነው እንዴ?

መልስ፦ ኧረ አይደለም እህቴ። ኋላ ታዋቂ ክርስቲያን ደራሲ የሆነውን የሲ ኤስ ሊዊስን ነገር ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1916 ገና የ17 ዓመት ልጅ እያለ፣ ያኔ ጭራሽ በእግዚአብሔር አያምንም ነበር፣ ባቡር ጣቢያ ላይ የስኮትላንዳዊውን ደራሲ የጆርጅ ማክዶናልድን ፋንታስቲስ የሚባል ልቦለድ ገዝቶ ማታውኑ ማንበብ ጀመረ። ከብዙ ዓመት በኋላ ያቺን ማታ ሲያስታውስ ምናቤ የተጠመቀው ያኔ ነው ብሎ ጽፏል፣ የቀረው እኔነቴ ግን ጊዜ ፈጀ ነው የሚለው፣ ክርስቲያን የሆነው በ1931 ነው። 15 ዓመት! ስለዚህ ያ ጸጥታ ከየት መጣ ብለሽ አትፍሪው። እኔ የምልሽ መጽሐፉን እንደዘጋሽ ወዲያው ሞባይልሽን አታንሺ፣ አምስት ደቂቃ ዝም ብለሽ ቁጭ በይ፣ ጸሎትሽንም ከዛው ጀምሪ። እኔ ጋ ጸሎትና ንባብ የታረቁት እንደዛ ነው።

ጥያቄ፦ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ግን የምጽፈው ሁሉ የምወደውን ደራሲ ይመስላል። ቃላቱ፣ አረፍተ ነገሩ፣ ሀዘኑ ሳይቀር የሱ ነው። ማንበቤን ላቁም?

መልስ፦ በፍጹም እንዳታቆም ወንድሜ! አንተ የወሰድከው ስታይሉን ነው፣ መውሰድ ያለብህ ግን አስተያየቱን ነው፣ ማለቴ ዓለምን እንዴት እንደሚያይ። የኔ ደራሲ አሜሪካዊቷ ማሪሊን ሮቢንሰን ናት። ገለዓድ የሚባለው መጽሐፏ ላይ የልብ ሕመም ያለበት ሽማግሌ ፓስተር ለትንሹ ልጁ ደብዳቤ ይጽፋል፣ እና አንድ ቦታ ላይ ወጣት ወንድና ሴት ከዝናብ በኋላ መንገድ ላይ ሲሄዱ ያያል፣ ወጣቱ ዘሎ የዛፍ ቅርንጫፍ ይይዝና ያ ሁሉ ውሃ ላያቸው ላይ ይወርድባቸዋል፣ ይስቃሉ፣ ልጅቷ ውሃውን ከፀጉሯና ከልብሷ ታራግፋለች። በቃ ይኸው ነው። ሽማግሌው ግን እዛ ውስጥ በረከት ያያል። እኔ ያንን ገጽ በእጄ ኖትቡክ ላይ ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፣ ሦስተኛው ላይ የገባኝ ነገር ቢኖር ደራሲዋ ስለ መንፈሳዊነት ሰበካ ምናምን ውስጥ ሳትገባ ውሃውን ብቻ በደንብ ማየቷ ነው። አንተም እንደዛ አድርግ፣ የምትወደውን አንድ ገጽ ገልብጥ፣ ከዛ መጽሐፉን ዘግተህ ዛሬ በዓይንህ ያየኸውን አንድ ነገር ጻፍ፣ የበር እጀታም ይሁን የእናትህ እጅ፣ ግን ያየኸው ይሁን። እሱ ያላየውን ስትጽፍ ድምፁ በራሱ ጊዜ ይለቅሃል። ደግሞ አትቸኩል፣ ሮቢንሰን የመጀመሪያ ልቦለዷን እ.ኤ.አ. በ1980 አሳትማ ሁለተኛውን፣ ገለዓድን፣ ያወጣችው በ2004 ነው፣ ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቁን የአሜሪካ ሽልማትም ያሸለማት እሱ ነው። በመሀል ልቦለድ ያልሆኑ መጻሕፍት አውጥታለች፣ ዝም አላለችም።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል። በሐዘኔ ጊዜ ያጽናናኝ ደራሲ በግል ሕይወቱ ሰው የበደለ መሆኑን ሰማሁ። መጽሐፎቹን ልጣላቸው?

መልስ፦ በጣም አዝናለሁ፣ እንዲህ ያለው ነገር ዘመድ እንደማጣት ነው የሚያመው። ያገኙት መጽናናት ግን እውነት ነበር፣ እሱን ማንም አይወስድብዎትም። መጽሐፉ ስለጠቀመዎት ብለው ደግሞ ለበደሉ ጠበቃ እንዳይቆሙለት፣ የተበደሉትም ሰዎች አሉና። ለጊዜው ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት፣ አሁኑኑ መወሰን የለብዎትም።

ጥያቄ፦ ደራሲዬ በፈጣሪ አያምንም፣ እኔ አምናለሁ። ከሱ መንፈሳዊ ነገር መማር ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ስለ ሞትና ስለ ፍቅር ሳይዋሽ ከጻፈ ብዙ ያስተምርሃል። የማትስማማበት ቦታ ስትደርስ ዘለህ አትለፈው፣ ጠርዙ ላይ በእርሳስ መልስለት፣ የራስህን እምነት በራስህ ቃል የምታገኘው እዛ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ በቀን ስንት ገጽ ላንብብ? ኦዲዮስ ይሆናል?

መልስ፦ ኦዲዮ ጥሩ ነው፣ ግን አስቁመሽ መድገም ልመጂ። ገጹን አትቁጠሪ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ዳግማዊ ጊጎ የሚባል መነኩሴ አራት ደረጃ አስቀምጧል፦ ማንበብ፣ ማሰላሰል፣ መጸለይ፣ ከዛ በፈጣሪ ፊት በዝምታ መቆየት። ማንበብ ምግቡን አፍ ውስጥ ማስገባት ነው፣ ማሰላሰል ማኘክ ነው ይላል። እሱ የጻፈው ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ነው፣ ልቦለድን ከነሱ ጋር እኩል አላደርግም፣ ማኘኩን ግን መዋስ እንችላለን። ቅድም ያነሳሁት ሊዊስም እ.ኤ.አ. በ1946 ከማክዶናልድ ጽሑፎች 365 ቁራጭ መርጦ አሳትሟል፣ አንዳንዱ ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ነው። አንቺም ከምትወጂው መጽሐፍ ላይ ለሰባት ቀን ሰባት ቁራጭ ምረጪና በእጅሽ ጽፈሽ ጠዋት ጠዋት አንዷን ብቻ ጮክ ብለሽ አንብቢያት፣ የትኛዋ ቀኑን ሙሉ አብራሽ እንደዋለች ደግሞ ጻፊልኝ።