የተሰነጠቀ ግድግዳ አይለሰን

ርዕደ መሬት ካወደማቸው አካባቢዎች ከአንባቢያን የሚደርሱን ጥያቄዎች፣ ዛሬ ማታ የት እንደር ከሚለው ተነስተው ቤታችንን በምን እንሥራው እስከሚለው ይደርሳሉ። ለዚህ እትም የመረጥናቸውን የግንባታና የጤና ባለሙያዎች እንደሚከተለው መልሰዋቸዋል።

ጥያቄ፦ ትልቁ መንቀጥቀጥ ካለፈ አሥር ቀን ሆነው። አሁንም በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መሬቱ ይነቃነቃል። መቼ ነው የሚያበቃው? ከዚህ የባሰስ ይመጣ ይሆን?

መልስ፦ ቀን ቆርጦ የሚነግርዎ ሰው ካለ አይመኑት፤ የርዕደ መሬትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ማወቅ እስካሁን አልተቻለም። ተከታይ ንዝረቶች ግን የአቀናነስ ልማድ አላቸው። በመጀመሪያው ቀን መቶ ከነበሩ በሁለተኛው ወደ ሃምሳ፣ በአሥረኛው ወደ አሥር ይወርዳሉ። ከዚያ ወዲያ አቀናነሱ ስለሚዘገይ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት አልፎ አልፎ ይሰማሉ።

ብዙ ሰው የሚያምታታው አንድ ነገር አለ። የሚቀንሰው ቁጥራቸው እንጂ የእያንዳንዳቸው ኃይል አይደለም። በሃያኛውም ቀን ከባድ ንዝረት ሊመጣ ይችላል። ከተከታዮቹ ትልቁ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው በአንድ መጠን (የርዕደ መሬት ኃይል መለኪያ ቁጥር) ያህል ያንሳል፤ ዋናው 7 ከነበረ 6 ገደማ ይጠበቃል። ለተሰነጠቀ ቤት ደግሞ 6 ከበቂ በላይ ነው። በኔፓል እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2015 መጠኑ 7.8 የሆነ ርዕደ መሬት ደርሶ በአሥራ ሰባተኛው ቀን 7.3 ተከተለ። በቱርክ እ.ኤ.አ. የካቲት 6 ቀን 2023 በ7.8 እና በ7.5 መካከል የነበረው ጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች እ.ኤ.አ. የመስከረም 2010ሩ 7.1 ከተማዋን አላፈረሳትም፤ ከአምስት ወር ተኩል በኋላ የመጣው 6.2 ግን ለከተማዋ በጣም ቅርብ ስለነበር 185 ሰዎች ሞቱበት።

ስለዚህ ያልተመረመረ ቤት ውስጥ አይደር። ዕቃ ለማውጣት መግባት ግድ ከሆነ አንድ ሰው ብቻ ይግባ፤ ሌላው ውጭ ሆኖ ይጠብቀው። የሚወጡት ዕቃዎች ከመግባት በፊት ይቆጠሩ፦ መድኃኒት፣ ሰነድ፣ ጫማ፣ ብርድ ልብስ። ውስጥ ገብቶ «ይኼንንም ልጨምር» ማለት ነው የሚያዘገየው። የጋዝ ሽታ ካለ መብራት አይበራም፣ አይጠፋምም፤ ማብሪያ ማጥፊያው ራሱ ብልጭታ ይፈጥራል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ቆሟል፣ ግን ግድግዳው ተሰነጣጥቋል። ጎረቤቶቻችን ለስነው ገብተዋል። እኛስ?

መልስ፦ አትለስኑት። ልስን ለግድግዳ ጉልበት አይጨምርም፤ የሚያደርገው መሐንዲሱ ሊያየው የሚገባውን ምልክት መሸፈን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ስንጥቁ የልስኑ ይሁን የግድግዳው ለዩ። ስንጥቁ ላይ መዳፍ የሚያህል ልስን በመሮ ቀስ ብላችሁ አንሱና ከሥሩ ያለውን ብሎኬት ወይም ጡብ ተመልከቱ። መስመሩ እዚያ ካልቀጠለ ልስኑ ብቻ ነው የተላቀቀው። ከቀጠለ አቅጣጫውን እዩ። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ የሄደ፣ በተለይም እንደ ማባዣ ምልክት የተሻገረ ስንጥቅ፣ ግድግዳው በጎን ግፊት አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እንደተገፋ ያሳያል። ግድግዳው ራሱ ቤቱን ተሸካሚ ከሆነ፣ ማለትም ኮለን (የኮንክሪት ቋሚ ምሰሶ) እና ቢም (ምሰሶዎቹን የሚያያይዝ አግዳሚ) የሌለው የድንጋይ፣ የጡብ ወይም የጭቃ ቤት ከሆነ፣ ይህ ለመውጣት በቂ ምክንያት ነው።

በኮለንና በቢም የቆመ ቤት ላይ ብሎኬቱ ከኮለኑ ጋር በሚገናኝበት መስመር ዙሪያውን የሚታየው ክፍተት ብዙ ጊዜ ያስደነግጣል። ሁለቱ ነገሮች በየራሳቸው ስለተንቀሳቀሱ ነው፤ ቤቱን ይጥላል ማለት አይደለም። ግድግዳው ግን እንደ በር ተገንጥሎ ሊወድቅ ስለሚችል ከሥሩ ማንም አይተኛ። ፍርሃቱ መዋል ያለበት ኮለኑ ላይ ነው። የኮለኑን ጫፎች፣ ከቢሙ ሥርና ከወለሉ በላይ ያሉትን፣ በባትሪ አብርታችሁ እዩ። ኮንክሪቱ ረግፎ ፌሮው (በውስጡ ያለው ብረት) ከታየ፣ ፌሮው በሁለት ስታፋዎች (ፌሮዎቹን ዙሪያውን በሚያስሩ የብረት ቀለበቶች) መካከል ወደ ውጭ ከጎበጠ፣ ወይም ቱንቢ ሲጣል ኮለኑ አጋድሎ ከተገኘ ወዲያው ውጡ። ለዕቃም አትመለሱ። ምድር ቤቱ ለሱቅ ወይም ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ ግድግዳ አልባ በሆነ ፎቅ ላይ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን፤ ከላይ ያለው ደህና መስሎ የሚደረመሰው የታችኛው ነው።

መሐንዲስ እስኪመጣ ስንጥቁ እየሰፋ መሆን አለመሆኑን ራሳችሁ መከታተል ትችላላችሁ። በሁለቱም ጫፎች ላይ በእርሳስ መስመር አስምራችሁ ቀኑን ጻፉ። ልስኑን ባነሳችሁበት ቦታ ስንጥቁን አቋርጦ አሥር ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ስስ ጀሶ ለጥፉ። ጀሶ አይሳሳብም፤ ግድግዳው ጥቂት ከተንቀሳቀሰ ይሰነጠቃል። ልስን ላይ ከተለጠፈ ግን የልስኑን እንቅስቃሴ ስለሚያሳይ ያታልላል። ከእያንዳንዱ ጠንከር ያለ ንዝረት በኋላ እዩት፣ አጠገቡ ማስመሪያ አድርጋችሁም ፎቶ አንሱት። መርማሪዎች በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ምልክት ቤቶችን በሚለዩበት አገር አረንጓዴ ማለት በተመረመረበት ቀን ደህና ነበር ማለት ነው። ሌላ ከባድ ንዝረት ካለፈ እንደገና ይታይ።

ጥያቄ፦ የቧንቧው ውኃ ደፍርሶ ነው የሚመጣው። በረኪና ስንት ይጨመርበታል?

መልስ፦ በመጀመሪያ አስተኙትና የጠለለውን በንጹሕ ወፍራም ጨርቅ አጥልሉት። ደለሉ ክሎሪኑን ስለሚበላው፣ ድፍርስ ውኃ ላይ ጠብ የተደረገ በረኪና ጀርሙ ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ሽታ ማሳመሪያና ቀለም የሌለው፣ ከ5 እስከ 6 በመቶ የሆነ በረኪና ለአንድ ሊትር ሁለት ጠብታ፣ ለሃያ ሊትር ጀሪካን አርባ ጠብታ፣ ማለትም ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ውኃው ከተጠለለም በኋላ ደብዘዝ ካለ እጥፍ አድርጉት። አማስሉና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጥቂት የክሎሪን ሽታ ከሌለው ያንኑ መጠን ድገሙና 15 ደቂቃ ቆዩ። ለወራት የተቀመጠ በረኪና እየደከመ ስለሚሄድ አዲሱን ምረጡ።

ማፍላት ከቻላችሁ ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ፣ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ነዳጅ ወይም ኬሚካል የገባበትን ውኃ ግን በረኪናም ማፍላትም አያድነውም። መጸዳጃ ስትቆፍሩ ከጉድጓድ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር ራቁ፤ ከምንጩ በላይ ባለው ተዳፋት ላይም አይሁን።

ጥያቄ፦ ድንኳን ውስጥ ብርዱ ከባድ ነው። ከሰሉ ከጋመ በኋላ ብናስገባው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ይገድላል። ጭሱ ያለቀ የጋመ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። የድንኳኑን አፍ ትንሽ መክፈት አይበቃም። ብርዱ በብዛት የሚገባው ከመሬት ነውና ከሥራችሁ ካርቶን ወይም ደረቅ ሣር ደራርቡ፤ የፈላ ውኃ የያዘ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃም ብርድ ልብስ ውስጥ ለሰዓታት ያሞቃል። በድንኳኖች መካከል ሁለት ሜትር ይተው፤ እሳት ሲነሳ የሚያስፈልገው ይህ ክፍተት ነው።

ጥያቄ፦ የሞቱት በሽታ እንዳያመጡ ቶሎ በአንድ ጉድጓድ ይቀበሩ የሚል ሐሳብ በአካባቢያችን ተነስቷል። ትክክል ነው?

መልስ፦ ትክክል አይደለም፤ ለቤተሰቡም ዕድሜ ልክ የማይሽር ቁስል ይተዋል። በርዕደ መሬት የሞቱ ሰዎች የሞቱት በጉዳት እንጂ በተላላፊ በሽታ አይደለም፤ አስከሬናቸው ወረርሽኝ አያስነሳም። በሄይቲ እ.ኤ.አ. ጥር 2010 ርዕደ መሬት ደርሶ በዚያው ዓመት ጥቅምት ኮሌራ ሲነሳ መንገዱ በሰው ሰገራ የተበከለ የወንዝ ውኃ ነበር። ኖራ መነስነስም አይረዳም። አስከሬን የሚያነሱ ሰዎች ጓንትና ቦት ጫማ ያድርጉ፣ እጃቸውንም በሳሙና ይታጠቡ።

ከመቀበር በፊት ለእያንዳንዱ አስከሬን የማይደገም ቁጥር ይሰጠው፤ ቁጥሩ ውኃ በማያጠፋው ነገር ተጽፎ በአካሉም በመጠቅለያውም ላይ ይታሰር። ፊቱን ከፊት ለፊት፣ ሙሉ አካሉን፣ ልብሱንና ልዩ ምልክቱን፣ ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሱ። የተገኘበት ቦታና ቀን ይመዝገብ፣ ንብረቱም ከእሱው ጋር ይቀመጥ። ቀብሩ ለየብቻ፣ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ይሁንና ቁጥሩ መቃብሩ ላይ ይቁም። ፎቶውን ሕዝብ በሚያየው ቦታ አትለጥፉ፤ ፈላጊ ቤተሰብ ሲመጣ ለብቻው፣ ከአጽናኝ ሰው ጋር ይይ።

ጥያቄ፦ እርዳታ በመጣ ቁጥር ጠብ ይነሳል።

መልስ፦ ጠቡ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ማነስ ይልቅ ዝርዝሩ ከመደበቁ ይመጣል። በቤተሰብ መዝግቡ፤ የሰው ብዛት፣ ሕፃን፣ አረጋዊ፣ ነፍሰ ጡር፣ አካል ጉዳተኛ ይለይ። ከዚያ ስሙ በአደባባይ ጮክ ብሎ ይነበብ፣ የቀረ ሰው እዚያው ይግባ። የሚረሱት ዘመድ ቤት የተጠጉት፣ ተከራዮችና የቤት ሠራተኞች ናቸው። ምን ያህል እንደመጣና ለእያንዳንዱ ስንት እንደሚደርስ ከማደል በፊት ይጻፍ። መቆም ለማይችሉት የተለየ ሰልፍ ይኑር።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ድምፅ በሰማች ቁጥር ትጮኻለች፣ ሌሊትም ትሸናለች።

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ የፍርሃት የተለመደ መልክ ነው፤ አይቆጧት። የሆነውን እንድትናገር አያስገድዷት፣ ከጠየቀች ግን እውነቱን ባጭሩ ይንገሯት። «ዳግመኛ አይመጣም» ብለው ቃል አይግቡላት፤ በሚቀጥለው ንዝረት እርስዎንም ማመን ታቆማለች። «ሲመጣ እንዲህ እናደርጋለን» ብለው ጎንበስ ብላ ጭንቅላቷን መሸፈንን በጨዋታ ያለማምዷት። የምትበላበትና የምትተኛበት ሰዓት የተወሰነ ይሁን። ከአንድ ወር በኋላ ካልቀለላት ወይም ምግብና ጨዋታ ከተወች የጤና ባለሙያ ይያት። አዋቂዎችም መሬቱ ጸጥ ብሎ ሳለ የሚነቃነቅ ይመስላቸዋል፤ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ውኃ ማየት ወዲያው ይለየዋል።

ጥያቄ፦ ከፍርስራሹ ያወጣነውን ድንጋይና ፌሮ ለአዲሱ ቤት እንጠቀምበት?

መልስ፦ ድንጋዩንና ሙሉ ጡቡን አዎ፣ አሮጌው ቅልቅል ተፍቆ ከተነሳ። የተሰባበረው ኮንክሪት ለወለል መሙያ ይሆናል። ፌሮውን ግን ለኮለንና ለቢም አትጠቀሙበት። አንዴ ጎብጦ በመዶሻ የተቃና ፌሮ በጎበጠበት ቦታ የመሳሳብ አቅሙን አጥቷል፤ በሚቀጥለው መንቀጥቀጥ የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። ለአጥር ይሁን።

የድንጋይ ግድግዳ የሚፈርሰው የውስጡና የውጩ ገጽ ተለያይተው ሲያብጡ ነው። ስለዚህ በየ60 ሴንቲ ሜትር ቁመትና በየ1.2 ሜትር ርዝመት ግድግዳውን ከገጽ እስከ ገጽ የሚያቋርጥ ረጅም ድንጋይ አስገቡ። ከመሠረቱ በላይ፣ ከበርና ከመስኮት በላይ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ቤቱን ዙሪያውን እንደ ቀበቶ የሚያስር እንጨት ወይም ኮንክሪት ይዙር። ቀበቶው ማዕዘን ላይ ከተቋረጠ እንደሌለ ቁጠሩት። በርና መስኮት ከማዕዘን ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ይራቁ። ጣሪያው ቀላል ይሁን፤ ቆርቆሮ ከአፈር ጣሪያ ይሻላል።

ኮንክሪት ሲቦካ ለ50 ኪሎ ስሚንቶ 25 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነስ። ሠራተኛ ለማፍሰስ እንዲቀለው ውኃ ሲጨምር ጥንካሬው አብሮ ይፈስሳል። ከተሞላ በኋላ ሰባት ቀን ሳይደርቅ ውኃ ይጠጣ።

የመጨረሻው ስታፋው ነው። በብዙ የፈረሱ ኮለኖች ላይ የስታፋው ጫፍ የታጠፈው 90 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ይገኛል፤ ኮንክሪቱ ሲረግፍ ተከፍቶ ፌሮውን ይለቀዋል። ጫፉ 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮለኑ መሐል መግባት አለበት፤ ጭራውም ከስምንት ሴንቲ ሜትር አይነስ። በኮለኑ ላይና ታች ጫፎች፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ድረስ፣ ስታፋዎቹ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ይጠጋጉ፤ መሐል ላይ መሐንዲሱ በንድፉ ባሳየው ርቀት ይሳሳሉ። ካሳፎርማው (ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ከመዘጋቱ በፊት ራሳችሁ ቆማችሁ ቁጠሩ፣ ፎቶም አንሱ፤ ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ማየት አይቻልም።