ከቀለሙ በፊት አሸንዳው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ከአያቴ የወረስኳት ትንሽ ቤት አለችኝ። ሁለት ክፍል ናት፤ በመንገድ በኩል ያለው ፊቷ ስድስት ሜትር ቢሞላ ነው። ውስጧን አድሰን ገብተንባታል። ከውጭ ግን እንግዳ ሲመጣ አንገቴን ታስደፋኛለች። ቀለሟ ከታች ጀምሮ ተልጧል፤ ከጣሪያው ሥር ቡናማ መስመር ወርዷል፤ በሩ ሲዘጋ መሬቱን ይፍቃል፤ የመስኮቱ ብረት ዝጓል። ባለቤቴ «ፊቷን በሙሉ ድንጋይ እናልብሳት» ይላል። እኔ ደግሞ ደማቅ ቀለም ቀብተን እንገላገል ባይ ነኝ። ያለን ገንዘብ ለአንዱም መብቃቱን እንጃ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባልና ሚስት መካከል ገብቶ መፍረድ ደስ አይለኝም። ከጠየቅሽኝ ግን ሁለታችሁም ቸኩላችኋል። ምልክቶቹን እኮ ራስሽ ጽፈሽልኛል። ከታች የተላጠ ቀለም፣ ከላይ የወረደ ቡናማ መስመር፣ መሬት የሚፍቅ በር፣ የዛገ ብረት። አራቱም የውሃ ሥራ ይመስላሉ። ዕድሜዬን በቀለም ቅብ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ደንበኛ ሲጠራኝ ግን መጀመሪያ የማየው ግድግዳውን ሳይሆን አሸንዳውን ነው። ውሃው መሄጃ ካልተበጀለት ያንቺም ቀለም፣ የባለቤትሽም ድንጋይ ብዙ አይቆይም።

ስለዚህ ቀጣዩ ዝናብ ሲመጣ ጃንጥላ ይዘሽ ውጪ። አዎ፣ በዝናቡ። የትኛው የአሸንዳ መጋጠሚያ እንደሚያፈስ፣ መውረጃ ቱቦው ውሃውን የት እንደሚተፋ፣ ጭቃው ግድግዳው ላይ እስከ የት እንደሚፈናጠቅ ቁጭ ብለሽ ከምትገምቺ ቆመሽ ብታዪው ይሻላል። ቡናማው መስመር ካለበት በላይ ያለው መጋጠሚያ የላላ ወይም የዛገ መሆኑን በሚገባ እጠረጥራለሁ። አሸንዳው በቅጠልና በአፈር ተሞልቶ በጠርዙ እየፈሰሰም ሊሆን ይችላል። ማጽዳት፣ መጋጠሚያውን ማሸግ፣ ቱቦውን አስረዝሞ ውሃውን ከግድግዳው ማራቅ ነው። ይህ ሥራ ለዓይን አይታይም፤ ጎረቤትም «እንኳን ደስ ያለሽ» አይልሽም። ነገር ግን ከሁሉም ቀድሞ ገንዘብ የሚገባው እሱ ነው።

ቀጥሎ መሬቱ። አሮጌ ቤት ዙሪያ አፈር ከዓመት ዓመት ይከመራል። አንዱ ጠጠር ያለብሳል፣ ሌላው ሲሚንቶ ያፈስበታል፣ የአበባ መደብ ይጨመራል፤ ሳይታወቅ ግድግዳው እግሩ ይቀበራል። እርጥበቱ ከዚያ ወደ ላይ ይሳባል፤ ቀለምሽም ከታች የሚላጠው ለዚህ ነው። መሠረቱ እስኪታይ ድረስ አፈሩን ዝቅ አድርጊው፤ ከመሠረቱ በታች ግን እንዳትቆፍሪ። መሬቱ ከግድግዳው ሲርቅ በየሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይሂድ። የጣሪያው ጠብታ በሚያርፍበት መስመር ላይ ጠጠር አልብሺ፤ ፍንጣቂውን ይሰብረዋል። እዚህ ላይ አንድ ምርቃት አለው። አጭር የምትመስል ቤት አፈሩ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሲልላት ቁመት ታወጣለች። በቀለም የማይገኝ ነገር ነው።

አሁን ወደ ግድግዳው። ልስኑን በጣትሽ መገጣጠሚያ እያንኳኳሽ ሂጂ። ቦዶ ድምፅ የሚሰጠው ከግድግዳው ለቋል፤ እሱን ብቻ አራግፊ። ጤነኛውን አትንኪ፤ ባለሙያው «ሁሉን እናውርደው» ቢልሽም አትስሚ። ሲያራግፉት ከሥር የሚታየው ነገር ወሳኝ ነው። ብሎኬት ከሆነ በሲሚንቶ ይለሰናል፤ ከዚያ ቀለም ከመንካቱ በፊት 28 ቀን ያህል ይጠብቅ። ትኩስ ሲሚንቶ ቀለም ያቃጥላል፤ በተለይ የዘይት ቀለም። ጭቃ ከሆነ ግን ሲሚንቶውን እርሺው። ጭቃ እርጥበት ይስባል፣ መልሶም ያወጣል። ሲሚንቶ ይህን መውጫ ይዘጋበታል፤ እርጥበቱ ከኋላው ተጠራቅሞ ጭቃውን ያላሽቀዋል፤ አንድ ቀን ልስኑ እንዳለ ይገነጠላል። ጭቃን በጭቃ ጠግኚና ከላይ ኖራ ቅቢ። ኖራ በስሱ ተደጋግሞ፣ ግድግዳው ረጠብ ብሎ ሳለ ነው የሚቀባው። ዓይንና እጅ ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት ይኑር።

ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ግድግዳው ላይ ካየሽ ጨው ነው፤ ውሃ ይዞት የወጣ። በደረቅ ብሩሽ አራግፊው። በውሃ ካጠብሽው ተመልሶ ይገባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የአያትሽ ዘመን የዘይት ቀለም እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። የመስኮቱንና የበሩን አሮጌ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉ፣ በእሳትም አታቃጥሉ። በውሃ እያረጠባችሁ ፋቁ፣ ከሥር ላስቲክ አንጥፉ፣ ፍርፋሪውን ሰብስባችሁ አስወግዱ። አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ሕፃናትና ነፍሰ ጡር ሴት በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ይዋሉ።

በሩ ተጣሞ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ የላይኛው ማጠፊያ ብሎን ላልቶ ነው መዝጊያው የሚያዘነብለው። ብሎኑን አውጥተሽ ቀዳዳውን ሙጫ በተነከረ እንጨት ሙዪ፤ ሲደርቅ ረዘም ያለ ብሎን እሰሪበት። አብጦ ከሆነ ደግሞ የሚላገው ደረቅ ሲሆን ነው። ከተላገ በኋላ የመዝጊያው የላይና የታች ጠርዝ መቀባቱን አረጋግጪ። ቀቢዎች ያችን ጠርዝ ማንም አያያትም ብለው ይዘሏታል፤ እንጨት ውሃ የሚጠጣው ግን በዋናነት በዚያ በኩል ነው። የሥራ ጓደኞቼን ማሳጣት ይሁንብኝ፣ በሩ ከመሰቀሉ በፊት እጅሽን ሰደሽ ዳስሺው።

ወደ ቀለሙ ደረስን። ፊቷ ስድስት ሜትር በሁለት ሜትር ከሰማንያ ቢሆን 17 ካሬ ገደማ ነው። በርና መስኮቱ ሲቀነስ 13 ይቀራል። ሁለት ጊዜ ሲቀባ 26 ካሬ። አንድ ሊትር ለስላሳ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ ሻካራ ከሆነ ያንሳል። ሦስት ሊትር ማለት ነው። ለፊት ለፊቱ ብቻ ሃያ ሊትር ግዙ የሚላችሁ ካለ ሌላ ቤት ሊቀባበት አስቧል።

ደማቅ ቀለም ያልሽው በሩ ላይ ይሁን። ትንሽ ቤት ሙሉ በሙሉ ሲደምቅ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ለግድግዳው ፈዘዝ ያለ ሞቅ ያለ ቀለም፣ ለመስኮቱ ዙሪያና ለጣሪያው ጠርዝ ሌላ፣ ለበሩ ደግሞ ልብሽ የወደደውን። ሦስት ይበቃል። ከትንሽ የቀለም ናሙና ካርድ ላይ ግን እንዳትመርጪ። ካርድ ላይ ለስለስ ያለው ቀለም ግድግዳ ሲሞላ ይጮኻል። ትንሽ ጣሳ ቀለም ገዝተሽ ግድግዳው ላይ የትራስ ልብስ የሚያህል ቦታ ቀቢና ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እዪው። አንዱን ፀሐይ በሚያገኘው፣ ሌላውን ጥላ በሚውልበት በኩል።

የመስኮቱን ብረት ነጭ አትቀቢው። ብዙ ሰው «ንፁህ ይመስላል» ይላል፤ ነጭ ብረት ግን ከጨለማ መስታወት ፊት ቆሞ ዓይን ይወጋል። ጥቁር ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሲሆን ከመስታወቱ ጋር ይዋሃድና መስኮቱ ብቻ ይታያል። ከዚያ በፊት በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን ማራገፍና ፀረ ዝገት መቀባት አይቀርም።

የባለቤትሽ ድንጋይስ? ንገሪው፣ ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ቦታው ነው ያልሆነው። ድንጋይ ከባድ ነው። በላላ ልስን ላይ ከተለጠፈ ልስኑን ይዞ ይወርዳል። ከኋላው የሚያፈስ ካለ ደግሞ የሚታወቀው ውስጥ ክፍሉ ሲሻግት ነው። ትንሽ ፊት ላይ ሲለጠፍም ቤቷን ዝቅ ያደርጋታል፤ ይህ የእኔ ዓይን ነው፤ ሌላ ሰው ሊከራከር ይችላል። ድንጋዩን በሩ ፊት ለሚገኘው ደረጃና ለመግቢያው መንገድ ያውለው። መንገዱ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ካገኘ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ይገባበታል፤ እሱም ድንጋዩን አገኘ።

የቀረው ቀላል ነው። ከመንገዱ ማዶ ተሻግረሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺያትና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው። ዓይንሽ ለምዶት የማያየው ሁሉ ብቅ ይላል። የተንዠረገገ ሽቦ፣ የማይሠራ ዲሽ፣ ጥግ ላይ የተደገፈ ቆርቆሮ። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ባለሙያ ይሰብስበው፤ ሌላውን ራሳችሁ አንሱ። የበር መብራት አምፖሉ 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የተጻፈበት፣ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጠው ይሁን፤ ነጩ የሆስፒታል ኮሪደር ያስመስላል። የቤት ቁጥሩ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ካለው ከመንገድ ይነበባል። ተክል ስትተክዪ ስንት እንደሚሰፋ ጠይቂ። የስፋቱን ግማሽና ተጨማሪ 30 ሴንቲ ሜትር ከግድግዳው አርቂው፤ አለበለዚያ ያደረቅሽውን ግድግዳ መልሶ ያረጥበዋል።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ አሸንዳውንና አፈሩን አሁን፣ በሩን ቀጥሎ፣ ቀለሙን በሌላ ጊዜ። በሩ ብቻ ተስተካክሎ ሲቀባ እንኳ ሰው «ቤቱን አደሳችሁት እንዴ?» ይላችኋል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አምደኛ፣ እኔ የጡረታ ሰው ነኝ። የቤቴን ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ቀይሬ፣ ከመንገድ እንዲያምር ብዬ ወዲያው የዘይት ቀለም አስቀባሁት። ብዙም ሳይቆይ እየተቀረፈ ይወርድ ጀመር። ቀለሙ የውሸት ነው ወይስ ቀቢው አጭበርብሮኝ ነው?

መልስ፦ ጌታዬ፣ ምናልባት ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። አዲስ ቆርቆሮ በዚንክ የተሸፈነ ነው። የዘይት ቀለም በቀጥታ ሲያርፍበት ከዚንኩ ጋር ይዋሃድና በመካከላቸው ሳሙና መሰል ነገር ይፈጠራል። ከዚያ በኋላ የሚይዘው የለም፤ ቀለሙ በቁሙ ይለቃል። በላዩ ላይ ሌላ ቀለም ቢደርቡበትም ያው ነው፤ አዲሱም አብሮ ይወርዳል።

የተላጠውን በሙሉ ያስፍቁ። ቅባት የሚያስለቅቅ ሳሙና በገባበት ውሃ አሳጥበው በደንብ ያስለቅልቁት፣ ይድረቅ። ከዚያ ለዚንክ ቆርቆሮ የተሠራ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም ሥር የሚቀባው)፣ በላዩ ላይ ደግሞ በውሃ የሚቀጥን የአክሪሊክ ቀለም። ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡት፤ ለዚንክ የሚሆን ከሆነ ተጽፎበታል። የዛገ ቦታ ካለ መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ ይፈተግ፣ ፀረ ዝገት ይቀባ። ቆርቆሮ በቀትር ፀሐይ ሲግል አይቀባ፤ ቀለሙ ሳይያያዝ ይደርቃል። ፈካ ያለ ቀለም ቢመርጡ ሙቀቱንም ይቀንስልዎታል።

እባክዎ ራስዎ አይውጡ። የሚወጣውም ልጅ ምስማር የተመታበትን መስመር ይርገጥ፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ተከራይ ነኝ። አከራያችን ምስማር መምታት እንኳ አይፈቅዱም። ቤቱ ደግሞ ከውጭ ሲታይ ማንም የማይኖርበት ይመስላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እጠበው። የምሬን ነው፤ ብዙ ያረጀ የሚመስል ግድግዳ ቆሽሾ ነው። ቀለሙ ካልተላጠና ግድግዳው ጭቃ ካልሆነ ለስለስ ያለ ብሩሽ፣ ባልዲና ጥቂት ሳሙና ይበቃሃል። ሳሙናውን ከታች ወደ ላይ እየቀባህ ሂድ፤ ከላይ ከጀመርክ ቆሻሻው ውሃ በደረቁ ግድግዳ ላይ ወርዶ መስመር ይጥላል። ስታለቀልቅ ግን ከላይ ወደ ታች። ሶኬትና የመብራት ቆጣሪ ያለበትን ቦታ ተጠንቀቅ። መስታወቱን አጽዳ፣ አምፖሉን ቀይር፣ በሩ አጠገብ ሁለት ትልልቅ ማሰሮ ተክል አስቀምጥ። አሥር ትንንሽ ጣሳ አትደርድር። ስትለቅ ማሰሮውን ይዘህ ትሄዳለህ፤ አከራይህም ቅር የሚላቸው ነገር የለም።