«ሳያመኝ ለምን?» ለምትል እናት

እህቴ፣ «እናቴ 46 ዓመቷ ነው፣ ገጠር ናት፣ የማኅፀን በር ካንሰር ተመርመሪ ስላት ሳያመኝ ለምን ትላለች» ላልሽው፣ የእኔም ታላቅ እህት ይህንኑ ነበር የምትለው።

መልሱ፣ ሳያም ነው የሚመረመሩት። ካንሰሩን የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል ቫይረስ ገብቶ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። ሕመም ሲመጣ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። እህቴን ግን ይህ አላሳመናትም። የጨነቃት ሌላ ነበር፤ «ወንድ ፊት ልብሴን ላወልቅ?» ደውዬ የምትመረምረው ሴት ነርስ መሆኗን ነገርኳት። አለቀ። እናትሽንም ጠጋ ብለሽ ጠይቂያት፣ «አያመኝም» ብዙ ጊዜ ሽፋን ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ነርሷ የቀጠነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ የማኅፀን በሩ ላይ ትቀባለች። አቼቶ ውስጥ ያለው ነው፣ ሽታውም ያው። አንድ ደቂቃ ጠብቃ በመብራት ታያለች። ውጤቱ እዚያው ይነገራል፣ «ሳምንት ተመለሺ» የለም። ከሩቅ ለምትመጣ ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

የእህቴ ነጭ ሆኖ ታየ። እጄን ጭምቅ አድርጋ «በቃ ካንሰር ነው?» አለችኝ። አይደለም፣ ገና ወደዚያ ሊሄድ የሚችል ቁስል ነው፤ በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ በዕለቱ ይታከማል። ብቻ ለእኛ «የማቀዝቀዣው ጋዝ አልቋል» ተባልን! ሦስት ሰዓት ተጉዛ መጥታ። ሁለተኛ ለማምጣት ከመጀመሪያው ይበልጥ ለመንኳት። ስለዚህ አስቀድመሽ ደውይ፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽኗ ትጠይቅልሽ፦ በየትኛው ቀን ነው፣ ሕክምናውስ አለ? ጤና ኬላ አይሠሩትም፣ ጤና ጣቢያ ነው። የወር አበባ ላይ ከሆነች ቀኑን ቀይሩ።

ከታከመች በኋላ ለሳምንታት ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይኖራል፣ ለአንድ ወር ያህልም ግንኙነት የለም። ይህን ለባሏ የነገርኩት እኔ ነኝ፤ እሷማ ብትሞት አትናገርም።

ዛሬ ነገ አትበሉ። ምርመራው በአገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ነው፣ ኤችአይቪ ያለባት ደግሞ ቀደም ብላ ትጀምራለች። ዕድሜ ሲገፋ የሚታየው ቦታ ወደ ውስጥ ይሸሻል፣ በዓይን ማየቱ ያስቸግራል። እናትሽ ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጠች ወዲህ ደም አይታ ከሆነ ግን የጤና ጣቢያውን ቀን አትጠብቂ። በቀጥታ ሆስፒታል ውሰጃት።