ወረፋው እስኪደርስ፦ ስለ ጾታ ሽግግር ሕክምና ጥያቄና መልስ

የጾታ ሽግግር ሕክምና፣ ማለትም ሰውነትን ሰው ከሚሰማው ጾታ ጋር የሚያስማማ የሆርሞንና የቀዶ ሕክምና፣ ለማግኘት ተራ የሚጠብቁ ሰዎች የላኩልኝን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ረጅሙን ወረፋ አልፌ ሕክምናውን የጀመርኩና ከዚያ ወዲህ ሌሎች ጠባቂዎችን ስረዳ የቆየሁ ሰው ነኝ። «ታገሡ» የሚለውን ምክር ከሌሎች በበቂ ሁኔታ ስለሰማችሁ እኔ አልደግመውም።

ጥያቄ፦ የሪፈራል ወረቀቴ ከተላከ ወራት አልፈዋል፤ አንድም ቃል አልሰማሁም። ደውዬ ብጨቀጭቃቸው ተራዬን ያራዝሙብኛል ብዬ እፈራለሁ።

አያራዝሙብዎትም፤ ይደውሉ። ከሁሉ አስቀድመው ሪፈራሉ በእርግጥ ደርሶ መመዝገቡን ይጠይቁ። ወረቀት ከላኪው ሐኪም ጠረጴዛ ሳይነሳ የቀረባቸው፣ ወይም አንድ ፊርማ ጎድሎት የተመለሰባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ማንም አይነግራቸውም። ቀጥሎ ወረፋዎ ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር ያረጋግጡና የሪፈራሉን ቅጂ ይያዙ። ስልክ ወይም አድራሻ ከለወጡ በዚያው ሳምንት ያሳውቁ፤ ለጥሪ መልስ ያልሰጠ ሰው ከዝርዝሩ ሊሰረዝ ይችላል። ቀጠሮውን የሰረዘ ሰው ሲኖር በአጭር ጊዜ ማስታወቂያ መምጣት እንደሚችሉም ይንገሯቸው። ያነጋገሩትን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ፤ በኋላ ክርክር ከመጣ ጉዳዩን የሚፈታው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለመሆኑ ለምን ይህን ያህል ይረዝማል?

ክሊኒኮቹ ጥቂት፣ የሠለጠኑት ባለሙያዎች ከዚያም ጥቂት ናቸው፤ ፈላጊው ግን በርክቷል። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ለስፔሻሊስት ሕክምና የተቀመጠው የጥበቃ ገደብ 18 ሳምንት ሆኖ ሳለ፣ በአዋቂዎች የጾታ ክሊኒክ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል። ከዚህ ላይ አሮጌ ልማድ ይጨመርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 በጸደቀውና በ2022 ሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች ምደባው ሰው የሚሰማው ጾታ ሲወለድ ከተሰጠው ጋር አለመጣጣሙን ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል፤ ሆኖም በብዙ ቦታ የመግቢያው በር አሁንም የአእምሮ ሐኪም ነው። የዓለም አቀፉ የትራንስጀንደር ጤና ባለሙያዎች ማኅበር በ2022 ያወጣው ስምንተኛው መመሪያ ለአዋቂዎች ቀዶ ሕክምና የአንድ ባለሙያ ደብዳቤ ይበቃል ይላል፤ የቀድሞው ለአንዳንዶቹ ቀዶ ሕክምናዎች ሁለት ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ ክሊኒኩን በየትኛው መመሪያ እንደሚሠራ መጠየቅ ትርፍ ጥያቄ አይደለም። ሁለተኛ ደብዳቤ የማያስፈልግ ከሆነ ከሁለተኛ ወረፋ ይድናሉ።

ጥያቄ፦ መጠበቁ ስለሰለቸኝ ሆርሞን በኢንተርኔት ለመግዛት አስቤአለሁ።

ሰው ወደዚህ የሚገፋው ለምን እንደሆነ ስለማውቅ አልቆጣዎትም። አደጋውን ግን ሳልለሳልስ እናገራለሁ። የማይታወቅ ሻጭ የላከው ብልቃጥ ውስጥ ምን እንዳለ ማንም አያረጋግጥልዎትም። መድኃኒቱ እውነተኛ ቢሆንም እንኳ የሴት ሆርሞን የሚባለው ኤስትሮጅን፣ በተለይ ኢቲኒል ኤስትራዲዮል የተባለው የቆየ ዓይነት፣ የደም መርጋት ሊያስከትል ይችላል፤ የሚያጨስ ሰው አደጋው ይብስበታል። የወንድ ሆርሞን የሚባለው ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ ደምን ያወፍራል። የቴስቶስትሮንን ሥራ የሚገታው ሳይፕሮቴሮን በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በአንጎል ሽፋን ላይ ከሚወጣ ዕጢ ጋር ይያያዛል። እነዚህ ሁሉ በደም ምርመራና በክትትል የሚያዙ ነገሮች ናቸው፤ ራስን በራስ በማከም ውስጥ የሚጎድለውም ይኸው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የቤተሰብ ሐኪምዎን ወይም የሆርሞን ሐኪም ይጠይቁ። ክሊኒኩ እስኪደርስ ድረስ ራሳቸው ለማዘዝና ለመከታተል የሚስማሙ አሉ። አስቀድመው ጀምረው ከሆነ ደግሞ አይደብቁ፤ የወሰዱትን ዓይነትና መጠን ተናግረው የሆርሞን፣ የጉበት፣ የኩላሊትና የደም ውፍረት ምርመራ ያድርጉ። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ለውጡን አያፋጥንም። መርፌ ከማንም ጋር አይጋሩ። አንድ እግር ብቻውን ካበጠ፣ ደረት ከወጋ ወይም ትንፋሽ ካጠረ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ትራንስ ሴት ነኝ፤ ስወለድ ወንድ ተብዬ ነበር። ያለ ሆርሞን ምን ልጀምር እችላለሁ?

ድምፅን። ቴስቶስትሮን አንዴ ያወፈረውን የድምፅ አውታር ኤስትሮጅን መልሶ አያቀጥነውም፤ ስለዚህ ክሊኒክ ገባችሁም አልገባችሁም የድምፅ ልምምዱ ይጠብቃችኋል። ብዙዎች ቅጥነቱን ብቻ ሲያሳድዱ ይደክማሉ። ሰሚው የሚለየው በአብዛኛው ድምፁ በጉሮሮና በአፍ ውስጥ በሚያስተጋባበት ሁኔታ ነው። በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ይለማመዱ፤ ጉሮሮ ካመመ ያቁሙ።

ሁለተኛው የፊት ጠጉር ነው። ሌዘር የሚሠራው በጥቁር ጠጉር ላይ ሲሆን፣ ለጠቆረ ቆዳ ኤንዲ ያግ የተባለው ዓይነት ይመረጣል፤ ሌሎቹ ቆዳን ሊያቃጥሉ ይችላሉ። ባለሙያው የቆዳዎን ቀለም ሳያይ «ሁሉም አንድ ነው» ካለዎት ውጡ። ለነጭ ጠጉር የሚያገለግለው እያንዳንዱን የጠጉር ሥር በኤሌክትሪክ የሚያጠፋው ኤሌክትሮሊሲስ ብቻ ነው። ወደፊት የብልት ቀዶ ሕክምና የሚያስቡ ሰዎች ከቦታው ጠጉር ማስወገዱ ብዙ ወራት እንደሚወስድ ሳያውቁ ይቀሩና ቀኑ ሲደርስ ሌላ ጥበቃ ይጀምራሉ። ቀዶ ሐኪሙን አስቀድመው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ትራንስ ወንድ ነኝ፤ ስወለድ ሴት ተብዬ ነበር። ጡቴ እንዳይታይ ደረቴን በፋሻ እያሰርኩ ነው።

ፋሻውን ዛሬውኑ ይተዉት። ሲተነፍሱ አብሮ ስለማይላላ እየጠበቀ ሄዶ የጎድን አጥንት ይጎዳል። ለዚሁ ተብሎ የተሠራ፣ በልክዎ የሆነ ማሰሪያ ይጠቀሙ፤ በቀን ከ8 ሰዓት ለበለጠ ጊዜ አይልበሱት፣ አይተኙበት፣ ስፖርት ሲሠሩም ያውልቁት።

ጥያቄ፦ ወደፊት ልጅ መውለድ እፈልግ ይሆናል።

ይህን አሁን ያስቡበት፤ ሆርሞን ከተጀመረ በኋላ ይወሳሰባል። የወንድ ዘርን አቀዝቅዞ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ እንቁላል ማስቀመጥ ግን መርፌና ክትትል ይጠይቃል። በተቃራኒው ደግሞ ቴስቶስትሮን የእርግዝና መከላከያ አይደለም። የወር አበባ ቢቆምም እርግዝና ሊከሰት ይችላል፤ መድኃኒቱም ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ ሴት መሆኗን ከነገረችኝ ወዲህ ወረፋ ላይ ነች። ክፍሏን ዘግታ ትውላለች፤ ምን ልበላት?

እናቴ፣ ከሚሉት ይልቅ የሚጠሯት ስም ይበልጣል። በመረጠችው ስም ይጥሯት፤ ሲሳሳቱ ብዙ ሳያለቅሱ አርመው ይለፉ። «ደወሉ ወይ?» ብለው በየቀኑ አይጠይቋት፤ ከእርሷ ፈቃድ ውጭ ለዘመድ አይንገሩ። ስልክ መደወሉንና ወረቀት መከታተሉን ከፈቀደች እርስዎ ይውሰዱላት። ይህ ሥራ ከብዙ የማጽናኛ ቃል ይልቅ ያሳርፋታል።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ሌሊት መኖር ያስጠላኛል። ለሐኪም ብናገር ግን «አእምሮው አልተረጋጋም» ብለው የሚከለክሉኝ ይመስለኛል።

ራስዎን ለመጉዳት ያሰቡበት መንገድ ወይም ጊዜ ካለ ማንበቡን እዚህ ያቁሙ፤ አሁን ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ ብቻዎን አይሁኑ፤ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ይሂዱ። በቤት ያለውን መድኃኒት ሌላ ሰው ይያዝልዎት።

ፍርሃቱን በተመለከተ፣ ከላይ የጠቀስኩት መመሪያ ድባቴን ወይም ጭንቀትን በራሱ የመከልከያ ምክንያት አያደርግም፤ ይታከም ነው የሚለው። ደብቆ መጠበቅ ሕመሙን ያበረታዋል እንጂ ወረፋውን አያሳጥርም። የቀን ተቀን ኑሮን በተመለከተ ደግሞ የምመክረው ሁለት ነገር አለ። የሌሎችን «ከሆርሞን በፊትና በኋላ» ፎቶ በሌሊት ማየት ይተዉ፤ በሌሊት የሚያጽናና ሆኖ አላገኘሁትም። ትምህርትን፣ ሥራን፣ ፍቅርን «ሕክምናው ሲጀመር» ብለው አያስቀምጡ፤ ቀኑን የማትቆጣጠሩት ነገር ላይ ሕይወትን ሁሉ ማንጠልጠል ነው ጥበቃውን የማይቻል የሚያደርገው።

ጥያቄ፦ ብዙ ከጠበቅኩ በኋላ ሐሳቤን ብለውጥስ?

ይለውጡ። ወረፋ መያዝ ውል አይደለም። ሆርሞን ብቻ፣ ቀዶ ሕክምና ብቻ ወይም ምንም ያልመረጡ ሰዎች አሉ። ጥርጣሬዎን ለክሊኒኩ መናገር ይችላሉ፤ ጨዋ ባለሙያ ከቃለ መሐላ ይልቅ ሐቀኛ ጥያቄ መስማት ይመርጣል።

ጥያቄ፦ ቀጠሮዬ በመጨረሻ ደረሰ! ምን ይዤ ልሂድ?

እንኳን ደስ አለዎት። የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር፣ በቤተሰብ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ካለ እሱን፣ የራስዎን ጥያቄዎች በጽሑፍ። በድንጋጤ የሚባለው ስለሚጠፋ ከተቻለ የሚያምኑት ሰው አብሮዎት ይግባ። ደም ሊወሰድ ስለሚችል እጅጌው በቀላሉ የሚጠቀለል ልብስ ይልበሱ፤ ከመውጣትዎም በፊት የቀጣዩን ቀጠሮ ቀን በጽሑፍ ይቀበሉ።